መቅዘፊያ ለቅቆ መሳለም

ኖርዌይ ላለኸው ልጄ ለፍቅረ ሥላሴ፤ አንተ ራስህን አልጠበቅህምና ቅዱስ ጊዮርጊስ ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። ሞጣም ዝናቡ አላቋረጠም።

የላክኸውን ቪዲዮ እህትህ ይርጋነሽ አሳየችኝ። ዋና ሳትችል ጀልባ ላይ ቆመህ፣ አንድ መቅዘፊያ ከኋላህ እያወዛወዝህ መንዳት ትማራለህ። ማን ፈቀደልህ? ከዳር ቤተ ክርስቲያን ሲታይህ መቅዘፊያውን ለቅቀህ አማተብህ፤ ጎንበስ ብለህም ተሳለምህ። መቅዘፊያውን ውኃ ወሰደው። አስተማሪህ ሲስቅ ይሰማል።

ይርጋነሽም «እማዬ፣ ልጅሽ እዚያም ሄዶ ይሳለማል!» ብላ ሳቀች። ዝም በይ አልኋት። ብትሰምጥ ለቅሶ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አስተማሪህ አይደለም።

መሳለም ያስተማርሁህ በእግርህ ስታልፍ እንድታደርገው ነው። ውኃ ላይ በልብህ ተሳለም፤ እጅህ ሥራውን ይያዝ። ዋና እስክትችል ድረስም እባክህ ከጀልባ ራቅልኝ።

እግዚአብሔር ደረቅ መሬት ላይ ያቁምህ፤ ያን ጊዜ እንደ ፈለግህ ጎንበስ በል።

እናትህ