ለልጆች ዘፍነው ልጃቸውን ሲፈልጉ የኖሩት የወይዘሮ ኦይሊ ካንጋስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦይሊ ካንጋስ ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ላክሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1939 በካናዳ፣ በዛሬዋ ተንደር ቤይ ተወለዱ። ከፊንላንድ የፈለሱት አባታቸው እንጨት ቆራጭ፣ እናታቸው የቆራጮቹ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊንላንድኛ በቀር የማያውቁት ኦይሊ እንግሊዝኛን የተማሩት በዘፈን ነው።

በ1960 የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆኑ። በ1962 አናጢውን አቶ ታውኖ ካንጋስን አግብተው ራውኖንና ማርኬታን ወለዱ።

አቶ ታውኖ በጓሯቸው ሳውና የሚባለውን የፊንላንዶች የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ሠርተው ነበር፤ እሳት በማይነድበት ቀን የእንጨት ግድግዳው ድምፅ ያሳምር ነበር። ወይዘሮ ኦይሊ ጊታርና ቴፕ ይዘው፣ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው የልጆች ዘፈን ይቀዱበት ጀመር። ደንባቸው አንድ ነው፤ ልጅ ያስነጠሰው፣ የሳተው፣ የሳቀው ሁሉ ሳይቆረጥ በሸክላ ይታተማል። በ1971 የአምስት ዓመቷ ማርኬታ በአንድ የዳክዬ ዘፈን መሀል «እማዬ፣ ሸናሁ!» ብላ አለቀሰች። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እንዳለ ታተመ።

ሸክላው አገር አዳረሰ። ወላጅና ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል፤ እዚያች ቦታ ሲደርስም አብረው ይጮኻሉ። በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥም ልጆቹ ይጮኹ ነበር፣ በማርኬታ ላይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከሸክላው አስወጪልኝ ብላ ለመነች። እናቷ ግን «እኔ ልሙትልሽ፣ ስለሚወዱሽ እኮ ነው» እያሉ አለፉት። ደግ ሰው ነበሩ፤ በዚህ ነገር ግን አልሰሟትም። በ1985 ማርኬታ «የሰው ልጅ ስታስቂ የራስሽን አስለቀስሽ» ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ የዊኒፔግ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም።

ወይዘሮ ኦይሊ ዳግመኛ አልዘፈኑም። ሥራቸው ሸክላውን ከሰው እጅ መሰብሰብ ሆነ። ኅትመቱን አስቆሙ፤ በየቤተ መጻሕፍቱና በየአሮጌ ዕቃ ገበያው እየዞሩ ያገኙትን ቤት አምጥተው በመጥረቢያ ይሰባብሩት ጀመር። አቶ ታውኖ «ኦይሊ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ሲሏቸው «አንተ ዝም ብለህ ንዳ!» ይሉ ነበር። ኬኖራ በምትባል ከተማ አንዲት እናት «ልጄ ያለሱ አይተኛም» ብላ ስትከለክላቸው ደጃፏ ላይ ተንበረከኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ በሩን ዘጋች።

አቶ ታውኖ በ1998 አረፉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው፣ ለመልካም አስቦ፣ ዘፈኖቹን ኢንተርኔት ላይ ለቀቃቸው። ያን ቀን ወይዘሮ ኦይሊ መጥረቢያውን አስቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዘመድ «እርምሽን አውጪ» ቢላቸውም አሻፈረኝ አሉ፤ ማርኬታ ተገኝታ እንደሆን ለመጠየቅ በየሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ መደወላቸውን አልተዉም።

በ2012 የጣፊያ ካንሰር ያዛቸው። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ ማን እንደሆኑ ስታውቅ በደስታ «እማዬ፣ ሸናሁ!» አለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኅዳር 14 ቀን 2012፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ዐረፉ።

ወይዘሮ ኦይሊ ይህን የጻፈውን ልጃቸውን ራውኖን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን እና ማርኬታን ትተው ሄደዋል። ማርኬታ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም። «ከሙታን ጋር እንዳትጽፏት» ብለው አስጠንቅቀውናልና ከእኛ ጋር ጽፈናታል።

ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁት ዘፈኖቹ ይከፈታሉ ብላችሁ መሆኑን እናውቃለን። አይከፈቱም። ምናልባት ማርኬታ መጥታ ከኋላ ትቆም ይሆናል፣ እንዳትሰማው ብለው እናታችን ከልክለዋል።

እግዚአብሔር እናታችንን ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን። ማርኬታ፣ እዚህ ካለሽ፣ ወደ ፊት ነይ።