ጨረቃ እስክትሞላ የተገፋ ሠርግ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሀይለየሱስ፣ ኬፕታውን፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሌሊቱን ቴሌስኮፕ ሥር አድሮ ቀኑን የሚተኛው ሰውነትህ እንዴት ይዞሃል? የዚያ ተራራ ብርድ፣ የወገብህ ሕመም፣ ያ አልለቅ ያለህ ሳልስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከማመሙ በቀር ደህና ናት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተ የተነሣ አንጀቴ አርሯል። በስልክ ስቆጣህ ስቀህ ስለምታልፈኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ሠርጌ ጥር 25 መሆኑን ካወቅህ ቆየህ። አባባ ካረፈ ወዲህ ከእማዬ ጎን ተቀምጠህ፣ ጉልበትህን ስመን የምትመርቀን አንተ ነህ። ጋሻው ሽማግሌ ሲልክም ቃሉን የሰጠኸው አንተው ነህ። እና ምን ብለህ ጻፍክ? በዚያ ሰሞን ጨረቃ ስለማትኖር ቴሌስኮፑ ለአንተ ተመድቧል፤ ይህ ካመለጠህ ዓመት መጠበቅህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ከዋክብት ነው። በአንድ ስብስብ ውስጥ ያሉ ከዋክብት ከአንድ ደመና፣ ባንድ ሰሞን የተወለዱ ናቸው አልክ። ትላልቆቹ ቶሎ ነድደው ያልቃሉ፤ የቀሩትን አይቶ የስብስቡን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። የብዙ ስብስቦችን ዕድሜና ቦታ ያወቀ ደግሞ ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ እንዴት እንዳደገች፣ የቱ ጎኗ ቀድሞ የቱ ኋላ እንደተሠራ ይደርስበታል። ይሁን፣ ገብቶኛል። ብዙዎቹ ግን እያደር ይበታተናሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደተወለደ መለየት ያስቸግራል የምትለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ልቀደው ምንም አልቀረኝም። ከአንተ ጋር ካንድ ማሕፀን የተወለደችው እኔ ነኝ፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 ሰፈር፣ አባባ እጁን ሞልቶ ከባቡር ጣቢያ ሲመለስ በሯን በክርኑ በሚያንኳኳት ቤት። ይህን ለማወቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለሽማግሌዎቹስ ምን ብዬ ላስረዳ? የጋሻው አጎት አቶ ጥሩሰው፣ ሰማዩ ሊሄድበት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እማዬ አልተቆጣችም። ደብዳቤህን ደግማ አስነበበችኝና፣ ጨረቃ ስትሞላ ደካሞቹ ከዋክብት ስለማይታዩ ሥራ እንደምትፈታ የጻፍከው ላይ አስቆመችኝ። ነጠላዋን ደርባ ጎረቤታችን ዓቢዳ ዘንድ ሄደች። ዓቢዳ እንደ ሙስሊሞቹ ልማድ በየወሩ ጨረቃ በምትሞላባቸው ቀናት ስለምትጾም ነገሩን አሳምራ ታውቀዋለች፤ በጣቷ ቆጥራ የካቲት ሰባት ስምንት ላይ ሙሉ ናት አለቻት። እማዬ ከዚያ ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ጋሻው ቤተሰቦች። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመድረስ ሠርጉን ወደ የካቲት 9 እሑድ አስገፋችው።

መዘዙ ግን ለእኔ ተረፈ። የተጠራውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ቀኑ ተለውጧል ማለት የማን ሥራ ሆነ? ከካርቲየ 3 እስከ ባልባላ በሚኒባስ ስንከራተት ከረምኩ። አንዷ ጋሻው ቀዘቀዘ እንዴ ትለኛለች፣ ሌላዋ አንጀቷን በልቻት ከንፈሯን ትመጥጥልኛለች። ወንድሜ ጨረቃ እየጠበቀ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል? ጋሻው ብቻ ድንኳኑን እንደገና ሊለምን ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለሰጠኝ ነው እንጂ፣ በአንተ ቢሆን ቆሜ በቀረሁ ነበር።

እንግዲህ ምክንያት የለህም። በዚያ ሰሞን ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ከዋክብትህም አይታዩህም። የዓመት እረፍት ቫካንስህን አሁኑኑ ጠይቅ። ወንበርህን ከእማዬ በስተቀኝ አስቀምጣለሁ። ከቀረህ ባዶ ወንበር ፊት ልንበረከክ ነው፤ ይህን ካደረግህብኝ ይቅር አልልህም።

ጋሻው እጅ ነሥቷል። አቶ ጥሩሰውም ሰላም ብለውሃል፣ ሰማዩን ለአንድ ሳምንት አደራ ለሰው ስጠው ይሉሃል። ዓቢዳ ጨረቃዋን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ ሽቶ ይዞልኝ ይምጣ ብላለች። እማዬ ደግሞ ደብዳቤህን ሰምታ ስታበቃ፣ ትላልቆቹ ቀድመው ያልቃሉ ነው ያለው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ሳላልቅ ይምጣ በይው» አለች።

እህትህ ትርሲት
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1
ታኅሣሥ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.