ከኋላ ወንበር ሥር የሰፋሁት አረንጓዴ ክር

ቀን፦ ጥቅምት 12

ለተሽከርካሪ አከራይ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዋናው መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ መርጠን የተከራየነው መኪና በሌላ መተካቱ ተጣርቶ፣ ውጤቱ ለእናቴ በስልክ እንዲነገርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በሶፋና በፍራሽ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሙያዬን አሮጌ ወንበር እየፈታሁ፣ ጽሕፈቴን ደግሞ ወንበሩ ውስጥ ተጠቅጥቆ የማገኘውን ጋዜጣ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ሰፈሩ ጋሼ መርፌ ይለኛል። ይህን ማመልከቻ የማቀርበው ስለ እህቴ ቤተሰብ ቢሆንም እነሱ መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ ብዕሬን ይደብቁብኝ ነበር።

1. የእናቴ ታላቅ እህት የምትኖረው አስፋልቱ አልቆ፣ ኮረኮንቹም ሰልችቶት ጭቃ በሚሆንበት ቦታ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች እሑድ እሑድ ካልተገናኙ ሳምንቱ አይዘጋላቸውም። እስከ ዘንድሮ እናታችንን የምናደርሳት በሰው መኪና ነበር፤ የሰው መኪና ደግሞ ጭቃ ሲያይ ባለቤቱን ያመዋል። ስለዚህ እህቴና ባሏ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና በሁለት ዓመት ውል ለመከራየት ወሰኑ። መኪናው ጭቃ የሚደፍር ፎር ዊል እንዲሆን፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ አያትና ሳይጠራ የሚመጣ አንድ አጎት እንዲችልም ተስማማን።

2. ወደ ቅርንጫፍዎ ግቢ የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ከመሐላችን ስለ ሞተር የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም በሚያውቀው መረመረ። መድኃኒት ቤት የሚሠራው የእህቴ ባል ጎማውን በጫማው መታ፤ ለምን እንደሚመታው ስጠይቀው፣ “ሁሉም ሰው ይመታል” አለኝ። እህቴ ሦስቱ ሴት ልጆቿ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይቧጨሩ ምን ያህል እንደሚቆዩ ፈተነች፤ ብዙ አልቆዩም። ትንሿ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጋድማ፣ “እኔ እዚህ ነው የምኖረው” ብላ አልወጣም አለች። የእናቴ ፈተና ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ሳይደግፋት መውጣት። ሌሎቹ መኪኖች ላይ ሞክራ ሞክራ ተመለሰች። ከበሩ ሥር ሰፊ መርገጫ ያለው ነጭ መኪና ጋ ስትደርስ ግን መያዣውን በግራ እጇ ጨበጠች፣ አንዴ ብድግ አለች፣ ተቀመጠች። ቀሚሷን አስተካክላ፣ “ሌላ አታሳዩኝ፤ ይቺ ወንበሬን ትመስላለች” አለች። ወንበሯን የሠራሁላት እኔ ስለሆንኩ ምስጋናውን ለራሴ ወሰድኩ።

3. እዚህ ላይ ስለ ሙያችን ልማድ ማስረዳት ይኖርብኛል። ጨርቅ ቤት ገብቶ ጥቅል የመረጠ ሶፋ ሠሪ፣ ተሸካሚ ሊጠራ ከመውጣቱ በፊት ጥቅሉ ጠርዝ ላይ የራሱን ክር ወጋ ያደርጋል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ጨርቁን ሳይሆን ክሩን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ አንዴ ተመንጥሬ ስለማውቅ ከጃኬቴ አንገትጌ መርፌ አይጠፋም። ስለዚህ ሌሎቹ ውል ሊነጋገሩ ወደ ቢሮ ሲገቡ እኔ መኪናው ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተጋደምኩ። ሻጯ ልጅ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?” አለችኝ። “ልጄ፣ ወንበር የሚመረመረው በጀርባ ነው” አልኳት። ስቃ ሄደች። እኔም በግራ በኩል ካለው ወንበር ሥር፣ ጨርቁ ከስፖንጁ ጋር ከሚገጥምበት ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ ክር ደጋግሜ አዟዙሬ ቋጠርኩ። ንብረት አልጎዳሁም፤ ስፌቴ እንዲያውም ከፋብሪካው ይሻላል።

4. መኪናው ታጥቦ፣ ሰሌዳ ተለጥፎለት ይመጣል ተባልን። የመጣው ከብዙ “ነገ” በኋላ ነው። ነጭ ነው፤ ሰባት ወንበር አለው፤ የውሉ ወረቀትም የዚሁኑ መኪና ቁጥር ይዞ መጥቷል። የእህቴ ባል በደስታ ፈረመ። እናቴ ለእህቷ የሠራችውን ሹራብ በፌስታል ይዛ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እግሯን አነሳች፤ አልደረሰችም። እጇን ቀይራ ሞከረች፤ አሁንም አልደረሰችም። ልጆቹ ከውስጥ፣ “አያቴ ነይ! አያቴ ነይ እንጂ!” ይላሉ። እኔም እንደ ልማዴ፣ “ዛሬ ደግሞ ኮራሽብን!” አልኳት። አልሳቀችም። እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ መለሰችና፣ “ተዉኝ በቃ፤ እግሬ አልቋል” አለች። ሹራቡን ለልጆቹ በመስኮት አቀብላ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ጎረቤት ቡና ቢጠራት እግሬ አልቋል ነው፤ ሐኪም ቢቀጥራት እግሬ አልቋል ነው። አክስቴ በበኩሏ፣ “ቂም ይዛብኝ ነው የቀረችው” ብላ ጠርጥራለች። እናቴ ደግሞ በስልክ፣ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” ትላታለች። ምን ሥራ እንደ በዛባት እኛም አላወቅንም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበሯ ላይ ናት።

5. መኪናው በመጣበት ዕለት ሰው ሲበተን እጄን ሦስተኛው ረድፍ ሥር ሰደድኩ። ክሩ የለም። የተፈታ ክር መርፌው የገባበትን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ቀዳዳም የለም። ወደ ቅርንጫፍዎ ሄጄ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ አነጋገርኩ፤ የመጣልን መኪና ከመረጥነው ከፍ ያለ፣ ጎማው የወፈረ፣ መርገጫው የጠበበ መሆኑን ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው፣ “ጋሼ፣ መኪና አያድግም፤ ሰው ግን ያረጃል” አሉኝ። እውነት ለመናገር ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ከማንም አፍ ቢወጣ ጥሩ ቀልድ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ግን የተቀለደው በማን እግር እንደሆነ ገባኝ። ከኋላዬም፣ “በርጩማ ልንጨምርላችሁ እንችላለን!” ብለው ጮኹ። ክቡር ሆይ፣ በርጩማ ለሶፋ ሠሪ! በርጩማማ እኔም ሠርቼላት ነበር። “እህቴ ደጅ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ማን ሊያወጣው ነው? ደግሞ እኔ በመሰላል የምጫን ዕቃ ነኝ?” ብላ የድመቷ መኝታ አደረገችው።

6. ቤተሰቤ ያምነኛል ብል ዋሸሁ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ይሻላል። አንድ ሰሞን የእህቴን ባል ወንበር እግሮች በድብቅ ጥቂት ጥቂት እየቆረጥኩ፣ ቁመቱ እየጨመረ መሆኑን አሳምኜው ነበር። ሱሪ ሊያስረዝም ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሄድ ነው የተነቃብኝ። አሁን ክሩ የለም ስላቸው እህቴ፣ “ራስህ ፈትተኸው ነው፤ አንተን ማን ያምናል?” ትለኛለች። የእናቴን ከተረከዝ እስከ ጉልበት ልክ አውቀዋለሁ፤ ወንበሯን የሠራሁት በሱ ነው። በዚያው ሜትር ደግሜ ለካኋት፤ ያው ነው። ከወንበሯም እንደ ድሮዋ ትነሳለች። የእህቴ ባል ግን፣ “የመጀመሪያውን መኪናስ ለክተኸዋል?” አለኝ። አልለካሁትም። እናቴ እያለች ሜትር ምን ያደርጋል ብዬ። ከሁሉ የከበደኝ የእሷ የራሷ አነጋገር ነው፤ ፊቴን ዳሰስ አድርጋ፣ “አይ ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ይህን ሁሉ ተረት ፈጠርክ” አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድባት ያመነችኝ እናቴ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር አላመነችኝም።

7. ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ሻጯን ልጅ ስለሳቀች ጠረጠርኳት። መኪና አጣቢውን ስላልሳቀ ጠረጠርኩት። የእህቴ ባል የወንበሩን ብድር እየመለሰ ይሆን ብዬ አደርኩ። ክቡርነትዎንም ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነዎት፣ አይቀየሙኝ። በዚህ መሐል ባለፈው ማክሰኞ በቅርንጫፉ የኋላ አጥር በኩል ሳልፍ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰፊ መርገጫ ያለው ነጭ መኪና ቆሞ አየሁ። እዚያው ያገኘሁትን ሰው፣ “ይቺ አትከራይም?” አልኩት። ማን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ የልጆች አባት ነው። “እሷ እንኳ አትከራይም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ እናት እሳቸው ጋ ሊኖሩ መጥተዋል፤ ሌላው መኪና ከፍ ብሎባቸው ለሳቸው ተያዘች” አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ ንዴቴ ግማሹ በረደ፤ ጥርጣሬዬ ግን እጥፍ ሆነ። ሰውዬው የእናት ልጅ ናቸው፤ ይህንንስ ወድጄላቸዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱ መኪኖች አንድ ከሆኑና ያረጀው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ለእናታቸው አሁን እኛ ጋ ያለውን፣ ለኛ ደግሞ ለእናታቸው የያዙትን ለምን አልሰጡም?

8. ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) ለማንም ሳይነግሩ ወደ ቅርንጫፉ ሄደው፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለውን መኪና ሦስተኛ ረድፍ፣ የግራውን ወንበር ሥር በጣትዎ ይዳስሱልኝ። ቋጠሮው ትንሽ ነው፤ እንደ ምስር።

ለ) ክሩ ከተገኘ የሥራ አስኪያጁን እናት ከመኪናው አያስወርዱብኝ። እናቴ ይህን ብትሰማ እኔን ነው የምታባርረኝ። የዚያኑ ከፍታ ያለው ሌላ መኪና ይፈለግልን፤ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱ እናቶች ተራ ይግቡ። እሑድ የኛ ይሁን።

ሐ) ክሩ ካልተገኘ በሠራተኞችዎ ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቅጣትም ይሁንብኝ፣ የእንግዳ መቀበያዎን ሶፋ በነፃ አድሳለሁ። ተቀምጬበታለሁ፤ ሞላው ይዋጋል።

መ) ዋናው ይህ ነው። ክሩን በእጅዎ ከነኩ በኋላ ከማመልከቻው ጀርባ በጻፍኩት የቤታችን ስልክ ቁጥር ይደውሉና፣ “እማማ፣ የተለወጠው መኪናው ነው፤ እግርዎ ደህና ነው” ይበሉልኝ። ሳይነኩት እንዲሉልኝ አልጠይቅም፤ የኔ ተረት ይበቃታል። ስልኩን ስታነሳ ትጠረጥርዎታለች፤ ድምፄን ለውጬ የደወልኩ ይመስላታል። ስለዚህ ማዕረግዎን ሙሉውን ይንገሯት፤ ከዘጋችብዎም እባክዎ ደግመው ይደውሉ። ቢቻል ከእሑድ በፊት ይሁን፤ አክስቴ አሁንም በየሳምንቱ ወንበሯን ደጅ አውጥታ ወደ መንገዱ እያየች ትውላለችና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ጥዬ እጠብቃለሁ።

ሶፋና ፍራሽ ሠሪው
(ጋሼ መርፌ)
ፊርማ፦ ከዚህ በታች በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል፤ ከመኪናው ክር ጋር ያስተያዩት።