ከአባትህ ስም ኋላ ያለው ክፍተት

መካነ ኢየሱስ፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጨጓራህ ተሻለህ ወይ? እኔ ጉልበቴ ዳገት እምቢ ከማለቱ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ አለሁ።

«ለኅትመት ሳይገባ እዪው፣ የፈቃዱንም ወረቀት ፈርመሽ መልሺ» ብለህ በአውቶቡስ የላክኸው የቅኔ መጽሐፍ ደረሰኝ። ሦስት ቀን አነበብሁት። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነውና በጥድፊያ ማንበብ አልችልም። ክፍተቱንም ያየሁት ለዚህ ነው።

ዓምና ለፋሲካ መጥተህ ያን ላይብረሪ የምትለውን የፕሮግራም ሥራህን አስረዳኸኝ። ፓይዘን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ትልልቅ ፋይል ሳይገለብጡ እንደ ካርታ የሚዘረጉበት ነው አልኸኝ። «ግልባጭ እንዳይመስልሽ እምዬ፤ ካርታው ላይ የነካሁት ዋናው ፋይል ላይ ይጻፋል። ቦታው ግን አይሰፋም፣ አይጠብም።» እኔም ብራና ፍቆ እንደ መጻፍ ነዋ ብልህ፣ «አንቺ ቀድመሽ ብትማሪ እኔ እንጀራዬን አጥቼ ነበር» ብለህ ሳቅህ።

አባትህ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅኔ ሲያስተምር ከግድግዳው ወዲህ ጌሾ እየወቀጥሁ የሰማሁትን፣ የራሴንም ጨምሬ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በደብተር ጻፍሁ። መምህርት ማንአለሽ በኮምፒውተር ተየበችልኝ። ያን ፋይል ለሙከራ ስትጠይቀኝ፣ ለማንበብ ብቻ እንድትከፍተው አስምዬ ሰጠሁህ።

አሁን ከዚያ ፋይል ባወጣኸው መጽሐፍ ከአርባ አንድ ቅኔ ግርጌ፣ «ወለተ ማርያም» ይል በነበረበት፣ «ቀለመ ወርቅ» ይላል። የእሱ ስም ከእኔ ስም ያጥራል፤ ከኋላው ጥርስ የወለቀበት ድድ የመሰለ ባዶ ቀርቷል። በእሱ በራሱ ቅኔዎች ግርጌ ግን ይህ ባዶ የለም።

ስደውልልህ «ለማንበብ ብቻ መክፈት ረስቼ ነው፣ የላይብረሪው ስሕተት ነው» አልህ። ስሕተት እንደ በረዶ ያገኘውን ይመታል እንጂ ስም እየመረጠ አይወርድም አልሁህ። ይህን ጊዜ፣ «ሊቃውንቱ የሴት ቅኔ ካዩ መጽሐፉን ያጣጥሉታል። ደግሞስ እምዬ፣ የአንድ ቤት ሰዎች አይደላችሁ? ምን ለያችሁ?» አልህ።

አዎ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ነበርን። በኪዳነ ምሕረት ንግሥ አባትህ ሲቀኝ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉት፣ እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ከንፈሬ ከእሱ ቀድሞ የቅኔውን ቤት ይደፋ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ዐይኔን አያየኝም። ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም፤ ምን ይዤ ልክሰሰው? አንተ ግን ፊደል ካወቅሁ በኋላ ነው ያደረግኸው። በአርባ ሁለት ዓመትሽ ፊደል ለመቁጠር ምን አነሣሣሽ ብለህ ጠይቀኸኝም አታውቅም።

ወረቀቱን ሳልፈርም በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው። የእጅህን ሥራ ይባርከው። በስተርጅናህም ስምህን የሚያስጠራልህ ልጅ ይስጥህ።

የአባትህ ሚስት