ማንም ያላየው የሦስት መቶ አሥራ አራት እግር ጉዳይ

ለክቡር የቀድሞ ወታደሮች ድጋፍ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ስብሰባ ላይ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሥራ ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደጅ በጠናሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይነሣ ለተቀመጠው ወገብዎ ደግሞ የተለየ ምኞት አለኝ።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። በጦርነቱ ጊዜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ፈንጂ መኪናዬንና ቀኝ እግሬን በአንድ ቀን ወሰደብኝ። ዛሬ ከመሥሪያ ቤትዎ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር ጫማ እጠግናለሁ። በመስኮትዎ ቁልቁል ሲመለከቱ የሚያዩት የተጣፈ ሰማያዊ ሸራ የእኔ ነው። በአደባባይ መጻፌን የሰሙ ጎረቤቶቼ «ከነገሩ ጦም እደሩ» እያሉ መክረውኛል፤ ባለቤቴም «አንተ ሰውዬ፣ የቀረችህን እግር ልታስቆርጣት ነው?» ብላኛለች። ምክራቸውን በአክብሮት ተቀብዬ አስቀምጬዋለሁ። ለመጻፍ የደፈርኩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበርዎ ላይ «ብክነትና በደል ሲያዩ ዝም አይበሉ፣ ይጠቁሙ!» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያስተከሉት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ትእዛዝዎን መፈጸሜ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ያየሁትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ተሽከርካሪ ወንበሮቹ። በመጋዘንዎ ውስጥ ላስቲካቸው ያልተገፈፈ ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጋዘኑ በር ሲከፈት ይታያሉ። ከእነሱ መካከል ሁለቱ ግን ሥራ ፈትተው አለመቀመጣቸውን ስገልጽ ደስ ይለኛል። በአንደኛው ሻይ የምታዞረው ሴትዮ ፔርሙሶቿን ትገፋበታለች፤ እሷን አልወቅስም፣ ወገቧን ያማታል፣ ወንበሩንም ያገኘችው ኮሪደር ላይ ተጥሎ ነው። ሁለተኛው ከመዝገብ ቤት ወደ ላይኛው ፎቅ ፋይል ይመላለስበታል። ባለፈው ወር አንድ ቀን የራሴ ፋይል በዚያ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ እኔ በክራንች ከኋላው እየተከተልኩ ነበር። ወረቀት ከሰው ቀድሞ የሚከበርበት መሥሪያ ቤት ስላቋቋሙልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥቆማ ሳጥኑ። ሰሌዳው ባዘዘኝ መሠረት ስለ ወንበሮቹ አንድ ገጽ ጽፌ፣ ስሜን ሳልጠቅስ፣ በሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ አገኘሁ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት በሦስት ቀን መልስ ያገኘ ሰው ካለ ይታወቅልኝ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። መልሱን ያመጡት የመጋዘኑ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። ከሸራዬ ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጡና ሶላቸው ያልተነካ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ፤ ከዚያም እየሳቁ «የእጅ ጽሑፍህ እንዴት ያምራል! በፋይልህም እንዲሁ ነው» አሉኝ። የጥቆማ ሳጥኑ ቁልፍ የሚገኘው በእሳቸው የቁልፍ መያዣ ላይ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ መጋዘን የሚጻፍ ጥቆማ በመጋዘን ኃላፊው እንዲከፈት መደረጉ ብዙ ምልልስ ያስቀራል፤ ይህን አሠራር ላሰበው ሰው አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደኝ ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ጫማዋን ጠቅልላ ያመጣችበት ወረቀት የመሥሪያ ቤትዎ ዓመታዊ መጽሔት ነበር። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጫማ ለመጠቅለል እንዲህ ያለ አይገኝም። በአሥራ ሁለተኛው ገጽ ከክቡርነትዎ ፎቶግራፍ በታች «በዓመቱ ለሦስት መቶ አሥራ አራት የቀድሞ ወታደሮች አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ታድሏል» ይላል። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት፤ ከዚያ የያዝኩትን መዶሻ አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ከተማ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ ሰው ሁሉ ወዶም ሆነ ተገዶ ወደ እኔ ይመጣል። የእግሩ ጠፍር ይበጠሳል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ጫማውም እንደ ሌላ ሰው ጫማ አያልቅም። ሕያው እግር ጫማን ከጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ይሸበሽበዋል፤ ሰው ሠራሹ ግን ከላይ እንደ ሱቅ አዲስ አድርጎ እያቆየ ተረከዙን ብቻ ይበላል። ጫማ ብቻ አይቼ ባለቤቱ የቱን እግሩን እንዳጣ እናገራለሁ። እንዲህ ያሉ ደንበኞቼ ሠላሳ ሰባት ናቸው፤ የሠላሳ ሰባቱንም እግር ከነጭረቱ አውቀዋለሁ። ከመካከላቸው አዲስ እግር ያደረገ አንድም ሰው የለም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ እግር አለኝ በመዝገብ የሚባል ነገር እንደሚመጣ አልጠረጠሩም።

በማግሥቱ የተረካቢዎች ዝርዝር ለግልጽነት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ መለጠፉን ሰምቼ ሄድኩ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ዘበኛው አዝነውልኝ የራሳቸውን በርጩማ አመጡልኝ። በተራ ቁጥር አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ የምናውቀውን ስም አገኘሁ፤ እኛ በስሙ ሳይሆን «መድፈኛው» እያልን የምንጠራው ጓደኛዬ ነው። ከስሙ ፊት ለፊት «አንድ የግራ እግር፣ መካከለኛ ቁመት፤ ተረካቢው በአውራ ጣት አሻራ አረጋግጧል» ይላል። ከጎኑም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጥርት ያለ አሻራ ታትሟል።

ክቡር ሆይ፣ መድፈኛው ሁለቱም እግሮቹ ደህና ናቸው። የሌሉት እጆቹ ናቸው። ሁለቱንም ከክርን በታች ካጣቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እነዚያ እጆች እኔን ከሚነድ መኪና ጎትተው ያወጡ እጆች ነበሩ፤ ከአራት ወር በኋላ እሱም አጣቸው። ስለዚህ ያ አውራ ጣት የማን እንደሆነ ባላውቅም፣ የእሱ እንዳልሆነ ግን ምዬ እመሰክራለሁ። የሐሰት ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ቢያንስ የተጎጂውን ፋይል ገልጦ የጎደለው የቱ እንደሆነ ቢያይ ምን ነበረበት? እኛ እንኳ አሮጌ ጫማ ስንሰፋ ቀኙን ከግራው እንለያለን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቄ አልፈው ነበር። መድፈኛውን እስካሁን ያጎረሰችው፣ የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፈችለትና ፊቱን ያጠበችው ባለቤቱ ናት። አምና ድንገት ታማ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አሁን በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች በአንድ ግራ እጅ ይኖራሉ። ከዚህ በፊት «እሷ እያለችልኝ እጅ ምን ያደርግልኛል» ይል የነበረው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ እጅ ሊጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣ። በሦስተኛው መስኮት ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አምና እግር ወስደዋል፤ ደንቡ ለአንድ ሰው በአምስት ዓመት አንድ ድጋፍ ነው» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየና «የኔ ልጅ፣ እነዚህን የወሰድኩት ከእናቴ ነው» አላት። ልጅቱ ስቃ፣ ወዲያውም ደንግጣ፣ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ሲስተሙ ወስደዋል ይላል» አለችው። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ሲስተሙ ግን ጨዋ አይደለም። ሰው ያልወሰደው እግር የሚያስፈልገውን እጅ እንዲህ ከለከለው።

አራተኛ አቤቱታ የለኝም፤ ሦስተኛው ለብዙ ይበቃል።

አሁን ወደ ምስጋናው ልለፍ። ባለፈው ሰኞ የመጋዘኑ ኃላፊ ስለ እግሮቹና ስለ መድፈኛው መጠያየቄን ሰምተው እንደገና ወደ ሸራዬ መጡ፤ በዚህ ጊዜ ጫማ አላወለቁም። የክቡርነትዎ ማኅተም የተመታበት አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ያቀረብኩት ጥቆማ በተሳሳተ መረጃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ተረድቼ በራሴ ፈቃድ ትቼዋለሁ» ይላል። እሱን ከፈረምኩ የመድፈኛው ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ታይቶ በሳምንት ውስጥ ሁለት እጅ እንደሚሰጠው ነገሩኝ፤ «እጆቹማ መጋዘን ውስጥ አሉ፣ እኔው ራሴ አውጥቼ እሰጠዋለሁ» አሉ። ለዚህ ቅን መረጃ ከልብ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን እጅ የጠፋው ከአገር መስሎኝ ነበር።

ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ልፈርም ነበር። ማታ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ከእሳት ላወጣኝ ሰው አንድ ፊርማ ምን አላት፣ እውነትም እኔ ባልመሰክርላት እውነትነቷ አይቀርም ብዬ ራሴን አባበልኩት። ሁለተኛውን ፊደል ግን መድፈኛውን ሳልጠይቅ ልጽፍ አልቻልኩምና በጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ተኝታ፣ እሱ በሁለቱ ክርኖቹ መካከል ብርጭቆ ይዞ ውኃ ሊያጠጣት ሲሞክር ደረስኩ፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሷል፣ እሷም እየሳቀች ታይዋለች። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። እኔ አንገቴን ደፍቼ «ፈርም» ይለኝ ይሆናል እያልኩ፣ ይበለኝም እያልኩ ጠበቅኩ።

እሱም ለክቡርነትዎ እንዳደርስ በአደራ የሰጠኝ ቃል ይህ ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። «በላቸው፣ ያለ እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። አፌን ሸጬ በገዛሁት እጅ ግን እሷን ውኃ አላጠጣትም።»

ስለዚህ ወረቀቱን ሳልፈርም፣ የጻፍኳትንም አንድ ፊደል ሰርዤ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። የምንጠይቀው ልመና አይደለም። መድፈኛው ያልወሰደው እግር ከስሙ ላይ ይነሣ፣ መጋዘን ውስጥ አሉ የተባሉት እጆችም ያለ ምንም ፊርማና ውለታ ይሰጡት። የሦስት መቶ አሥራ አራቱ ሰዎች ስም በአደባባይ ይጠራና እያንዳንዱ አዲሱን እግሩን ይዞ ይቅረብ፤ እግሮቹን በነጻ ለመመርመር እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ይህ እስኪሆን ድረስ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ሰባቱ ደንበኞቼና እኔ ከመድፈኛው ጋር በበርዎ ላይ እንቆማለን። መቆም ለእኛ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ቁሙ በተባልንበት ቦታ ቆመን የዋልን ሰዎች ስለሆንን እናውቅበታለን።

ለሰጡን ጊዜ፣ ላልሰጡንም ሁሉ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ከስብሰባ የሚወጡበትን በር እንዲሰጥዎ የምመኝልዎ፣

ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው ጫማ ጠጋኝዎ

ግልባጭ፦
ለጋዜጣ አዘጋጆች
ለማስታወቂያ ሰሌዳዎ
ለመጋዘኑ ኃላፊ (ሳጥኑን ለመክፈት እንዳይደክሙ በቀጥታ)

ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ የታሰበ፦ ይህን ደብዳቤ በዋናው በርዎ ላይ የለጠፍኩት ሶል በምለጥፍበት ማስቲሽ ስለሆነ ውኃም ጥፍርም አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው ቤንዚን ብቻ ነው። ቤንዚን ከመጋዘንዎ ለማውጣት ደግሞ በሦስት ቅጂ መጠየቂያ መሙላት፣ ሦስት ፊርማ ማሰባሰብና ስብሰባ እስኪያልቅ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። እስከዚያ ድረስ ከተማው አንብቦ ይጨርሰዋል።