አባትሽ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ቅዳሜ

መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 21 ቀን 1981 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ፅጌረዳ፣

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛልኝ። ያ ያስቸገረሽ ጥርስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት ግን ተቀመጪ፤ ብቻሽን ከሆንሽም አንዷን ጓደኛሽን ጥሪ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ድንገተኛ ስለሆነ ነው።

አባትሽ በሕይወት አለ። ከመጣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ይህን ስጽፍልሽ እሱ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ዕለት ከፋብሪካ ስመለስ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ዳባ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ ከሶማሊያ የተለቀቁ ምርኮኞች ስም መጥቷል። ሃምሳ አለቃ ግዛው አሉበት። እሁድ ጠዋት ይገባሉ" አለኝ። ተሰውቷል የሚለውን ወረቀት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በእጄ የሰጠኝ እሱ ነው። የሰማዕት ልጅ ብሎ ለኩባ የመዘገበሽም እሱ ነው። "እሺ" አልኩት። "ደስ አይልዎትም እንዴ?" ሲለኝ "ደስ ይለኛል" አልኩ።

ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ወጡ ተሠርቷል፤ የምሠራው ነገር አጣሁ። ቁጭ ብዬ እግሬን አየሁት። ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ስለምውል ተረከዜ ተሰነጣጥቋል፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ወፍሮ ቢጫ ሆኗል። ስንት ዓመት ካልሲ አጠልቅበታለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ውሃ አሞቅሁና ሳፋ ላይ ገልብጬ ጨው ጨመርኩበት፤ ከኅብረት ሱቅ በኩፖን ያገኘኋትን ሳሙናም ሸረፍ አድርጌ አሟሟሁበትና እግሬን ዘፈዘፍኩ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ አልተነሳሁም። ስለ አባትሽ ላስብ ብዬ መልኩን ለማምጣት ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ተረከዜን በሻካራ ድንጋይ ፈገፈግሁት። ነጭ ነጩ ቆዳ እየተላጠ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ጥፍሬን አንድ በአንድ ቆረጥኩ፤ ጥጋጥጉን በክብሪት እንጨት አጸዳሁ። የግራ አውራ ጣቴ ላይ መቀሱ ጠልቆ ኖሮ፣ መድማቴን ያወቅሁት ውሃው ሲቀላ ነው። አላመመኝም። ነርስነት የምትማሪው አንቺ ነሽና ልጠይቅሽ፤ ሰው ተቆርጦ ካላመመው በሽታ ነው?

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ዚነት ገባች። "አንቺ ሴትዮ! ባልሽ ከሞት ተነስቶ ሲመጣ ቁጭ ብለሽ ጥፍር ትቆርጫለሽ?" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ለእኔም ጭምር ያለቀሰችልኝ መሰለኝ። ቤቷ ሄዳ ቀይ ኩቴክስ ይዛልኝ መጣች። "ቀባ ቀባ አድርጊው፤ ሙሽራ ነሽ እኮ!" ልትቀባኝ ስትል እንቢ ብዬ ራሴ ቀባሁት። አሥሩንም ጣት ስቀባ ቀለሙ አንዴም ከጥፍሬ አላለፈም።

እሁድ ምርኮኞቹን በተቀበልንበት ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ የየዘመዱን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። አባትሽ ከአውቶቡሱ ሲወርድ በአረማመዱ ለየሁት፤ የቀኝ ትከሻውን ዘንበል ያደርግ አልነበር? ከስቷል፣ የፊት ጥርሱ የለም። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። እጅ ነሳኝና "እማማ፣ እንደምን ነዎት? ሙሉስ? አልመጣችም?" አለኝ።

ነፍሷን ይማርና እናቴን መስዬው ነው።

"እኔ ነኝ፣ ግዛው" አልኩት። ብዙ አየኝ። ከዚያ አቀፈኝ። ዙሪያችን እልልታ ነበር፤ እኔ ግን የሸሚዙን ቁልፎች እየቆጠርኩ ቆምኩ።

ቤት ገብቶ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ "ልጄስ?" አለ።

"ኩባ ናት። የሰማዕታት ልጆች ሲላኩ ሄደች።"

"የማን ሰማዕት?" አለኝ። ምሳ አቀረብኩለት።

አልጋው ለሰለሰብኝ ብሎ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ብዙ አያወራም። ሰኞ ዕለት ካልሲዬን ሳወልቅ ጥፍሬን አይቶ "ይሄን ለማን ነው የተቀባሽው?" አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ዝም ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። "ለአንተ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስቀባው ማንንም አላሰብኩም ነበር፤ ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ዓይኑ ስለደከመ ፊደል አይለይም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የላክሽልኝን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያወጣሁ በየቀኑ አነብለታለሁ። ስፓኒሽ ሲያስቸግርሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ "ጋሼ ደገፋን ሰላም በይልኝ" የምትይውን ግን እዘለዋለሁ።

ጋሼ ደገፋ ያን አርብ ዕለት ልብሱን በአንድ ሻንጣ አድርጎ ወደ ጎፋ፣ እህቱ ዘንድ ሄዷል። ጓድ ዳባ ሲነግረኝ እቤት ውስጥ ሆኖ ሰምቶ ነበር። ስገባ ሸሚዞቹን እያጣጠፈ አገኘሁት፤ አንዱን አጣጥፌ ሰጠሁት። ሰባት ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ ቤቱ ውስጥ የተወው አንድ ዕቃ የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ከአሁን በኋላ ስትጽፊ ሰላምታሽ ለአባትሽ ብቻ ይሁን። ያንን ስም አትጻፊው። ስዘልለው ድምፄ ይቆረጣል፤ አባትሽ ደግሞ ዓይኑ ነው እንጂ ጆሮው ደህና ነው።

የመካኒሳው አቦ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። ተመርቀሽ ለመምጣት ያብቃሽ።

እናትሽ፣
ሙሉመቤት