የዋጂህን ስም ወደብ ላይ ልጥራው ወይ?

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ሞንሰፍ፣

የአላህ ሰላም ባንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ነዚሃስ እህል መቅመስ ጀመረች? ትንሿ ሊና መጫወት ጀመረች ወይ? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። ብደውል ብደውል አላነሳ ስላልክ ነው የጻፍኩልህ።

የልጅህን የዋጂህን አሟሟት ሰው ሁሉ አለሳልሶ ነግሮሃል። «ማዕበል ነጠቀው» ብለውሃል። ፈቃዱ የአላህ ነው፤ ማዕበል ግን አልነበረም። እናንተ ማርሴይ ስለምትኖሩ ያሳደግኩት እኔ ነኝና እውነቱን ከእኔው ስማ።

የሠርጉ ሰባተኛ ቀን ነበር። በዚያ ቀን ሙሽሮቹ ለበረከት ተራምደው የሚሻገሩት ዓሣ ከገበያ የተገዛ እንደሆነ ደሴቱ ሁሉ በሙሽራው እንደሚስቅበት ታውቃለህ። አንተስ በጊዜህ ከጎረቤት መረብ ዓሣ ሰርቀህ አልነበር? ዋጂህ ግን እኔው ራሴ አጠምዳለሁ ብሎ ጓደኞቹንና ከስፋቅስ ከተማ የመጡትን ከበሮ መቺዎች ጀልባዋ ላይ ጠቀጠቃቸው። እኔ እንደ ልማዴ ወደቡ ላይ ቆሜያለሁ። የባሕር ደኅንነት በጎ ፈቃደኛ ከሆንኩ ወዲህ ለሽርሽር የሚወጣውን ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ እያልኩ ስጨቀጭቅ ስለምውል «ሞንጂያ ጃኬት» ነው የሚሉኝ።

ልበስ አልኩት። «አክስቴ ደግሞ! በሙሽርነት ካባዬ ላይ ይህን ደርቤ እንደ ጎዳና ጠራጊ ልታይልሽ?» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ጓደኞቹም «እትዬ ሞንጂያ፣ የእኛ ባሕር እኮ ጉልበት አይደርስም! ከሰጠምን በእግራችን እንመጣለን» ብለው አሽካኩብኝ።

ጃኬቱማ ጀልባዋ ውስጥ ነበር። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ ሌባ እንዳይወስደው በመረብ ገመድ ጠፍሮ መቀመጫው ሥር አስሮታል። የባሕር ጠባቂዎቹ የሚቀጡት ጃኬት የሌለውን እንጂ ያልለበሰውን አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ያስራል፤ ማንም አይለብስም።

ባሕራችን እውነትም ጉልበት አይደርስም፣ ከጥልቁ ቦይ በቀር። ዓሣው ደግሞ ያለው እዚያ ነው። መረቡ ሲከብድ ሁሉም ለማየት ወደ አንድ ጎን ተንጋጋ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ከበሮ መቺዎቹ መዋኘት አያውቁም። ዋጂህ ለእነሱ ጃኬት ሊያወጣ ከተገለበጠችው ጀልባ ሥር ጠለቀ። ሌሎቹን አንድ ዓሣ አጥማጅ ደርሶ አተረፋቸው። ጀልባዋን ሲያቃኑ ዋጂህ እዚያው ነበር፤ ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ።

ወንድሜ፣ አንጀቴ አርሯል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ወደቡ ላይ ስሙን ጠርቼ እንዴት እንደሞተ ልናገር። ማዕበል ነው ስለተባለ ሰዉ ጃኬቱን ያው እየጠፈረ ይወጣል፤ ምክሬን ማን ሊሰማ! ነዚሃ በስልክ «ሳልቀብረው የቀረሁትን ልጄን የወደብ ወሬ ታደርጊብኛለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እናት ናትና አልተቀየምኳትም። ሙሽሪት ኢብቲሳም ግን ሐዘን ከተቀመጠችበት አስጠራችኝና «የእሱን ስም ከከለከሉሽ የእኔን ጥሪ። ዓሣውን ሳትሻገር የቀረች ሙሽራ በይ» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በሚመጣው ወር የጎረቤታችን ልጅ ይሞሸራል፤ እሱም ለዓሣው ይወጣል። ደብዳቤዬ ሲደርስህ ደውለህ እሺ ወይም እንቢ በለኝ። ዝም ካልከኝ ግን እጠራዋለሁ። ቁጣህን እችለዋለሁ፤ ሌላ ልጅ ከጀልባ ሥር ሲያወጡ ማየት ግን አልችልም።

ኢብቲሳም እጃችሁን ትስማለች። ነዚሃን እግሯን ስመህ ይቅር በይኝ ብላለች በልልኝ። ሊናን ሳምልኝ፤ ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ስትጠይቅህ እውነቱን ንገራት።

እህትህ ሞንጂያ
ቀርቀና ደሴት፣ ነሐሴ 19 ቀን